ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ስንት ሰዓት እንውጣ? ለዲሲና ለቨርጂኒያ አካባቢ አጥማጆች ዝርዝር መመሪያ

ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። ሰውየው ቅዳሜ ጠግቦ ተኝቶ ይነሳል። ቁርሱን ይበላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ዘንጉን መኪና ላይ ይጭናል። ቨርጂኒያ ያለው ሐይቅ፣ በርክ ሌክ፣ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ጁላይ ነው። ሦስት አራት ሰዓት ቆሞ ክሩን የሚነካ ሳያገኝ ይመለሳል። ከዚያ «እዚያ ሐይቅ ውስጥ ባስ የለም» ይላል። አለ። ሰውየው ተኝቶ ሳለ ነው ባሱ በልቶ የጨረሰው።

ይኸው ሰው «ንጋት ላይ ውጣ» ይባላል። ምክሩን ይሰማል፤ ግን የሚወጣው ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ጣቱ እስኪደነዝዝ ይወረውራል፣ ምንም የለም። ልክ እሱ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሲነዳ ዓሣው መንቀሳቀስ ይጀምራል።

«ንጋትና ምሽት» የሚለው ምክር ውሸት አይደለም፤ ለሰመር ብቻ የሚሆን ምክር ነው። ሰዓቱን የሚወስነው የእጅ ሰዓታችሁ ሳይሆን የውኃው ሙቀትና ብርሃኑ ነው። ወንዝ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ታይዱ፣ ማለትም ባሕሩን ተከትሎ የውኃው ከፍና ዝቅ ማለት፣ ይጨመራል። እነዚህን በየተራ እንይ። የማወራው ስለ ላርጅማውዝ ባስ ነው፤ አረንጓዴ፣ አፈ ሰፊ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው።

## 1. መጀመሪያ በሰዓት ተግባቡ

ቀልድ አይደለም። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር «አሥራ አንድ ሰዓት መኪና ማቆሚያው ጋ» ተባባልን። እኔ በሐበሻ ሰዓት ነው ያልኩት፤ ንጋት 11፣ ማለትም 5 ኤ.ኤም.። እሱ እዚህ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ 11 ኤ.ኤም. ብሎ ያዘው። ስደውልለት አላነሳም። ሲመጣ እኔ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በአሜሪካ ሰዓት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አገር ቤት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በሐበሻ ሰዓት ጠዋት 12 ገደማ ትወጣለች፣ ማታ 12 ገደማ ትጠልቃለች። ሰዓቱን ካወቅን ብርሃኑን አወቅን ማለት ነው። ያ ልማድ እዚህ አይሠራም። ዲሲ ላይ ጁን 21 ቀን ፀሐይ 5:43 ገደማ ወጥታ ምሽት 8:37 ገደማ ትገባለች። ዲሴምበር 21 ቀን ግን 7:23 ገደማ ወጥታ 4:50 ሳይሞላ ትጠልቃለች። በላዩ ላይ ማርች ሲመጣ ሰዓቱ ራሱ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፣ ኖቬምበር ላይ ይመለሳል።

ይህን አድርጉ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ የዚያን ቀን የፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ተመልከቱ። ከዚያ ከፀሐይ ቁጠሩ፤ «ፀሐይ ከመውጣቷ 30 ደቂቃ በፊት»፣ «ከወጣች ሁለት ሰዓት በኋላ» እያላችሁ። የሐበሻ ሰዓት ከንጋት እንደሚጀምር ሁሉ የባስም ቀን የሚጀምረው ከዚያው ነው።

## 2. ከቤት ሳትወጡ አዘጋጁ

- ፈቃድ። ቨርጂኒያ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ሰው ለማጥመድ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ በኢንተርኔት ይወጣል። ዲሲ የራሱ ፈቃድ አለው። ፖቶማክ ወንዝ ላይ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዲሲ ሕግ ይገናኛል። ስለዚህ የምትቆሙበት ዳር በማን ሥር እንደሆነ፣ የሚያዘው ዓሣ ርዝመትና ብዛት ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ አረጋግጡ። የርዝመት ገደቡ በወቅትም ይቀያየራል።
- የፓርኩ በር የሚከፈትበት ሰዓት። ንጋት ላይ ደርሶ ከተቆለፈ በር ፊት መቆም የሚያናድድ ነገር ነው። በሩ ዘግይቶ የሚከፈት ከሆነ ለዚያ ቀን ሌላ ቦታ ምረጡ።
- ርካሽ የውኃ ቴርሞሜትርና ሁለት ሜትር ሲባጎ።
- የግንባር መብራት፣ ከተቻለ ቀይ ብርሃን ያለው።
- ፖላራይዝድ መነጽር። ከውኃው በላይ ያለውን ነጸብራቅ ስለሚቀንስ ግንዱንና ሣሩን ያሳያችኋል።
- ትንሽ ደብተር።

ዘንጉን ማታ አዘጋጁ። ሉሩን፣ ማለትም የውሸት ምግቡን፣ ክሩ ላይ ቤት ውስጥ እሰሩት። ሰመር ላይ ጥሩው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ላይሞላ ይችላል። ሃያውን ደቂቃ በጨለማ ክር ስታስሩ ካሳለፋችሁት ምን ቀራችሁ?

## 3. ውኃውን ለኩ

የአየሩን ሙቀት አትመኑ። አፕሪል ላይ አየሩ 75 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ ውኃው 55 ሊሆን ይችላል። ባስ ደመ ቀዝቃዛ ነው። ሰውነቱ የሚሠራው ውኃው በፈቀደለት ፍጥነት ነው፤ ሲበርደው ትንሽ ይበላል፣ ቀስ ብሎም ይንቀሳቀሳል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

1. ቴርሞሜትሩን ሲባጎ ላይ እሰሩት።
2. ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጉና አንድ ሜትር ያህል አውርዱት። ዳር ላይ ያለው ስስ ውኃ በፀሐይ ቶሎ ስለሚሞቅ ያታልላል።
3. ሦስት ደቂቃ ጠብቁ።
4. አውጥታችሁ ወዲያው አንብቡ። ንፋስ ላይ ከቆየ ቁጥሩ ይቀየራል።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እጃችሁን እስከ ክርን ንከሩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ካመማችሁ ውኃው በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ የዊንተሩን ሰዓት ያዙ። ለብ ካለ የሰመሩን።

## 4. በሙቀቱ ልክ ሰዓት ምረጡ

ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች (ከ10 ሴልሺየስ በታች)። ንጋትን እርሱት፤ ተኙ። ከቀኑ 12 እስከ 4 ሰዓት ውጡ። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለውን ዳር ያዙ፤ ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ ሲያገኝ ይውላል፣ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ ንፋስም አይነካውም። ድንጋይ ያለበት ከሆነ ደግሞ ይሻላል፤ ድንጋይ ሙቀት ይይዛል። ሁለት ዲግሪ ልዩነት ለእኛ ምንም አይደለም፣ ለባስ ግን ትልቅ ነገር ነው። ሉሩን በጣም ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱ። ቀስ አልኩ ብላችሁ ካሰባችሁትም በግማሽ ቀንሱ።

በዚህ ወቅት ብርዱን የምትሸሹበት አንድ ቦታ ሌክ አና ነው። ሐይቁ የተሠራው ለኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ነው። ከማመንጫው የሚወጣው ሙቅ ውኃ ወደ ዋናው ሐይቅ በሚገባበት በኩል ዓሣው ዊንተርም ይንቀሳቀሳል።

ከ50 እስከ 60። ብዙውን ጊዜ ማርችና የአፕሪል መጀመሪያ ነው። ከረፋዱ 11 ጀምሮ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውጡ። ሦስት ቀን ተከታትሎ ሞቅ ካለ የሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንዳያመልጣችሁ። ከአለቃችሁ ፈቃድ የምትጠይቁ ከሆነ ለዚያ ቀን ጠይቁ።

ከ60 እስከ 70። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ቀኑን ሙሉ ይይዛል። እንቁላል የሚጥልበት ወቅትም ይኸው ነው፤ ወንዱ ዳር ላይ ጎጆውን ሲጠብቅ በዓይን ታዩታላችሁ። ከያዛችሁት ቶሎ መልሱት። እሱ በሌለበት ትናንሽ ዓሣዎች እንቁላሉን ይበሉታል።

ከ70 እስከ 80። ሜይ መጨረሻ፣ ጁን፣ ከዚያም ሴፕቴምበር። ከፀሐይ መውጫ 30 ደቂቃ በፊት ጀምራችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል አጥምዱ፤ ምሽት ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት።

ከ80 በላይ። መስኮቱ፣ ማለትም ጥሩው ጊዜ፣ ይጠባል። ከፀሐይ መውጫ 40 ደቂቃ በፊት ውኃው ዳር ቁሙ። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ይህ ማለት 5:10 ገደማ ነው። 7:30 ሲሆን ዳሩ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ያልቃል። ቀጥሎ ያለው ዕድል ምሽት ነው፣ ካልሆነም ሌሊት።

ኦክቶበር ላይ ውኃው ሲበርድ ነገሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ንጋቱ ይደክማል፣ ረፋዱና ከሰዓቱ ይጠነክራል። ሰመር የለመደ ሰው ሳይነቃበት አንድ ወር ሙሉ በተሳሳተ ሰዓት ይወጣል።

## 5. ሰማዩን አይታችሁ አስተካክሉ

ባስ በደብዛዛ ብርሃን ከሚያድነው ትንሽ ዓሣ የተሻለ ያያል። ንጋትና ምሽት የሚጠቅሙት ለዚህ ነው። ብርሃኑን የሚያደበዝዝ ነገር ሁሉ መስኮቱን ያሰፋል።

- ደመና ከሆነ፦ ሰመር ላይ 7:30 አልቋል ብላችሁ አትሂዱ። እስከ 10 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል።
- ቀለል ያለ ንፋስ ካለ፦ ንፋሱ ወደሚገፋበት ዳር ሂዱ። ሞገዱ ብርሃኑን ይሰባብራል፣ ምግቡንም ወደዚያ ይገፋል። ፊት ላይ ስለሚመጣ መወርወር ያስቸግራል፤ ያው ብዙ ሰው የሚሸሸውም ለዚህ ነው።
- ውኃው ከደፈረሰ፦ ንጋት ላይ ዓሣውም ምንም አያይም። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ጠብቁ።
- ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ማግስቱ ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነ፦ ለሽርሽር የሚያምር፣ ለማጥመድ የማይረባ ቀን ነው። መውጣት ካለባችሁ ቀትር ላይ ውጡ፤ ትንሽ የላስቲክ ትል ያዙና ግንድ ሥር ቀስ እያላችሁ ጎትቱት።

⚠ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዘንጉን አስቀምጡና ወደ መኪና ግቡ። ከፍ ብሎ የተያዘ የማጥመጃ ዘንግ ለመብረቅ ያጋልጣል። የመጨረሻውን ድምፅ ከሰማችሁ 30 ደቂቃ እስኪሞላ አትመለሱ። ሰመር ላይ ዝናቡ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ንጋቱን የሚያስመርጥ ሌላ ምክንያት።

የጨረቃ ሠንጠረዥስ? የሚምሉበት ሰዎች አሉ። እኔ በእሱ ቀጠሮ አልይዝም።

## 6. ፖቶማክ ላይ ከሆናችሁ ታይዱን አስቀድሙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በርክ ሌክ የሠራለትን ሰዓት ይዞ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ፖቶማክ ከቼይን ብሪጅ በላይ እስካለው ሊትል ፎልስ ድረስ የባሕሩን ከፍታና ዝቅታ ይከተላል። ዲሲ ላይ ልዩነቱ ሦስት ጫማ ገደማ ነው። ሦስት ጫማ ማለት አሁን ዓሣ የሚዋኝበት ቦታ በኋላ ጭቃ ይሆናል ማለት ነው።

ውኃው ሲቀንስ ሣሩ ውስጥ የተደበቁት ትናንሽ ዓሣዎች ይወጣሉ። ባስ ሣሩ ጫፍና የትንንሽ ወንዞች አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ውኃው ሲቆም መብላቱም ይቆማል። ስለዚህ፦

1. የአሜሪካ ውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖኣ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ የታይድ ሰዓት በነፃ ያወጣል። እዚያ ግቡ።
2. ለምትቆሙበት የሚቀርበውን ጣቢያ ምረጡ። የቼሳፒክ ቤይ አፍ ላይ ያለውን ካያችሁ ሰዓቱ በብዙ ሰዓታት ይዛነፋል።
3. ውኃው ከፍ ያለበትንና ዝቅ የሚልበትን ሰዓት ጻፉ። መካከላቸው ስድስት ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ ነው።
4. ዝቅ ከማለቱ በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዓታት አስምሩ። ዋናው መስኮታችሁ ይህ ነው።
5. ይህ መስኮት ከንጋት ወይም ከምሽት ጋር የሚገጥምበትን ቀን ፈልጉ።

ምሳሌ፦ ጁላይ ላይ ውኃው ሌሊት 1:30 ከፍ ብሎ ጠዋት 8:15 ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ከ5:30 እስከ 8 ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ብርሃኑም ታይዱም ተገናኙ። ታይዱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ስለሚሄድ በሳምንቱ ይህ መስኮት ቀትር ላይ ያርፋል። በሁለት ሳምንት ገደማ ተመልሶ ንጋት ላይ ይገኛል። ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉበት።

ሁለቱ ካልገጠሙስ? ወንዝ ላይ እኔ ታይዱን እመርጣለሁ። ቀን 11 ሰዓት ላይ እየቀነሰ ያለ ውኃ፣ ንጋት ላይ ከቆመ ውኃ ይሻላል።

⚠ በጀልባ ከሆናችሁ መመለሻችሁን አስቡ። እኔ ዓሣው ደርቶልኝ አንድ ጠባብ ገባር ውስጥ ዝቅታው ደረሰብኝ። ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀመጠች። ውኃው እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ተኩል ትንኝ በላኝ። ወርዶ መግፋት አትሞክሩ፤ ጭቃው እግር ይይዛል።

## 7. ሣር የሞላበት ኩሬ ላይ ንጋትን ተጠራጠሩ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የውኃ ሣር ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያወጣል፣ ሌሊት ግን ራሱ ይጠቀምበታል። ሣር ጥቅጥቅ ባለበት ትንሽ ኩሬ ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው ልክ ከንጋት በፊት ነው። በዚያ ላይ ሙቅ ውኃ ድሮውንም የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ስለዚህ ኦገስት ላይ ላዩ አረንጓዴ በሆነ ኩሬ ንጋት ካልሠራላችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ምሽቱን ሞክሩ፣ ወይም ውኃ ወደሚገባበት በኩል ዙሩ።

## 8. የሰመር ንጋት፦ በቅደም ተከተል

ገና ጨለማ ሳለ። መኪናውን በቀስታ ዝጉ። መብራታችሁን ውኃው ላይ አታብሩ። ከዳሩ ሁለት ሦስት ሜትር ራቁና ቁሙ፤ ባሱ እግራችሁ ሥር ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው 40 ደቂቃ። ላይ የሚንሳፈፍ ሉር ያዙ። ከዳሩ ጋር ትይዩ ወርውሩ እንጂ ወደ መሐል አትላኩት። ሉሩ ሲያርፍ ክቡ እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ ነካ፣ ቆም፣ ነካ፣ ቆም። ሲመታው ባልዲ ውኃ እንደ መድፋት ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ። ደንግጣችሁ ወዲያው አትሳቡ! ክብደቱ እጃችሁ ላይ እስኪሰማ «አንድ» በሉ፣ ከዚያ ዘንጉን አንሱ። ጀማሪ አሥር ዓሣ የሚያመልጠው በዚህች አንድ ሰከንድ ነው።

ፀሐይዋ ዛፎቹን ስታልፍ። የሚንሳፈፈውን ፍቱ። ሲሠራላችሁ ስለቆየ መተው ይከብዳል፤ ተዉት። የላስቲክ ትል እሰሩና ወደ ጥላ ወርውሩ፦ የጀልባ ማቆሚያ ሥር፣ የወደቀ ግንድ፣ የሣሩ ጫፍ። ከፀሐዩ ሳይሆን ከጥላው በኩል።

ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት በኋላ። ወይ ጥልቅ ውኃ ፈልጉ፣ ወይ ወደ ቤት ሂዱ። ውኃው ከ80 በላይ ከሆነ የያዛችሁትን ባስ ፎቶ ለማንሳት ደጋግማችሁ አታውጡት። እጃችሁን አርጥቡ፣ የታች ከንፈሩን ያዙ፣ ትልቅ ከሆነ ሆዱን ደግፉ፣ ቶሎ መልሱ።

## 9. ነገሩ ሲበላሽ

ተኝታችሁ አረፈዳችሁ። ሰመር 9 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ የንጋቱን ቦታ አትሞክሩ። ቀጥታ ወደ ጥላ።

የሚመቻችሁ ቀትር ብቻ ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ኡበር የሚነዳ ብዙ ሰው ችግሩ ይኸው ነው። ሰዓቱን መምረጥ ካልቻላችሁ ቦታውን ምረጡ። ድልድይ ሥር ግቡ። ወይም ፖቶማክ ላይ ታይዱ ቀትር ላይ የሚቀንስበትን ቀን ጠብቁ። ከኦክቶበር እስከ አፕሪል ደግሞ ተራው የእናንተ ነው፤ ጥሩው ሰዓት ድሮም ቀትር ነው።

በትክክለኛው ሰዓት መጥታችሁ 40 ደቂቃ ምንም የለም። መጀመሪያ ፍጥነት ቀይሩ፣ ቀጥሎ ጥልቀት፣ በመጨረሻ ቦታ። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልክ እያዩ መጠበቅ ለካትፊሽ ይሆናል፤ ባስን መፈለግ ነው።

ሌሊት መሞከር ፈለጋችሁ። መጀመሪያ ቦታው ሌሊት የሚፈቅድ መሆኑን አረጋግጡ። ቀን የምታውቁት ቦታ ብቻ ሂዱ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ለቤተሰብ የት እንዳላችሁ ንገሩ። ጥቁር ሉር ያዙ፤ ከሥር ለሚያየው ዓሣ ሰማዩ ላይ ጎልቶ የሚታየው ጥቁሩ ነው። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬቱ ይለበስ፤ መቀመጫ ሥር ያለ ጃኬት አያድንም።

## 10. ጻፉት

ስትመለሱ፣ መኪናውን ሳታስነሱ፣ ሁለት መስመር ጻፉ። የእኔ ይህን ይመስላል፦

«ኦገስት መጀመሪያ፣ ማክሰኞ። ውኃ 83። ደመና። ፀሐይ 6:09። የመጀመሪያው 5:55፣ የመጨረሻው 7:20። ሦስት ባስ፤ ሁለቱ ግንዱ ጥላ ሥር።»

ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁበትንም ቀን ጻፉ። ሰዓቱን፣ የውኃውን ሙቀትና የቆማችሁበትን ዳር ጨምሩበት።